የሰባተኛው ፉርጎ ክሬም

«ዘጠኙ ሳይሞላ ለባልሽ እንዳትነግሪው። ሁለት ፉርጎ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ይህን ያለው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። የወላጆቼን ቤት በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ስገባ እሱና እናቴ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ከልብስ መስቀያው ሥር ቆመው ነበር፤ ጀርባቸውን ስለሰጡኝ አላዩኝም። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሐኪሙ እኮ ቶሎ ይሁን ብሏል» አለችው። «እትዬ፣ ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው ያለሽ። ሞራ እግር የለው፣ የትም አይሄድ። ስድስት ወር የጠበቀ ዓመት ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ጠብታውን ዓይኑ ላይ እያደረግሽለት ድካም ነው በይው። አሁን ኦፕራሲዮን ምናምን ካልሽው ቡሩሹን ይጥላል፤ ያን ጊዜ እኔ ሰባት ፉርጎ ታቅፌ ልቀር ነው?» እናቴ መልስ አልሰጠችም። ለወንድሟ መልስ ሰጥታ አታውቅም። ዝም ትላለች፤ እሱ ዝምታዋን እሺታ ይለዋል፤ ትንሽ ቆይታ እሷም እሺ ያለች ይመስላታል። ቁልፌን ሆን ብዬ አንቃጨልኩት። አጎቴ ዘወር ሲል ፊቱ በአንዴ ተለወጠ። «እንዴ፣ ዳኛዬ መጣሽ! ዛሬ እንግዲህ ዓይንሽን እናያለን» ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። በባቡር ሞዴል ውድድራቸው ቀለም እንድዳኝ ጠርቶኝ ነው የመጣሁት። ሽቶው ከመዓዛው በፊት ዋጋው የሚሸት ዓይነት ነው።

አጎቴ የሴራሚክ ነጋዴ ነው። ከሴራሚክ የተረፈውን ጊዜውን የሚያጠፋው በባቡር ሞዴሎች ላይ ነው፤ ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ በሚያንሱ የመንገደኛ ፉርጎዎች። የአንዱ ዋጋ ከነመንኮራኩሩ የእኔን የወር ደመወዝ ይውጣል። ሳይቀባ፣ ግራጫ ፕላስቲክ እንዳለ ይገዛዋል፣ ከዚያ አባቴ ዘንድ ያመጣዋል። አባቴ በባቡር ጥገና ጋራዥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እውነተኞቹን ፉርጎዎች ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። ታቹን ጥቁር አረንጓዴ፣ ላዩን ክሬም ይቀባዋል፤ በመካከላቸው ከክር የቀጠነ መስመር ያሰምራል፤ በሩ ላይ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይነበብ ቁጥር ይጽፋል። አጎቴ ይወስደውና በባቡር ወዳጆች ማኅበር አዳራሽ፣ «ሠሪ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት የራሱን ስም ጽፎ ያቆመዋል። ማኅበሩም ሊቀመንበር አድርጎታል። ሦስት ዋንጫ አግኝቷል። ሦስቱም ሳሎኑ ውስጥ፣ ፉርጎዎቹ ከሚቀመጡበት የመስታወት ቁም ሣጥን በላይ ተደርድረዋል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቢጫ አምፖል አስገብቶበታል፣ ያየው ሁሉ ወርቅ እንዲመስል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ያደምቃል፤ አጎቴን አይቻለሁ።

አባቴ በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳና የእኛን የልብስ ገመድ ነው። ጠረጴዛው ላይ የቀለም ቆርቆሮዎቹ፣ የቲነር ጠርሙሱ፣ ከሦስት ፀጉር የማይበልጡ ቡሩሾቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ሰባተኛው ፉርጎ በጥጥ ተጠቅልሎ የጫማ ካርቶን ውስጥ ተኝቷል።

«መጣሽ? በይ እይው» አለኝ ካርቶኑን እየገፋ። «እናትሽ ደግሞ ሳሙና መቆጠብ ጀምራልሻለች። አንሶላውን እይ፣ ቢጫ ሆኖ።»

ገመዱ ላይ የተሰጣው አንሶላ ላቦራቶሪ ከምለብሰው ነጭ ጋዋን ይነጣል።

«ዓይንህን እንዴት ነህ፣ አባዬ?»

«ሐኪሙ ለእናትሽ ድካም ነው ብሏታል። ጠብታ ሰጥተውኛል።»

«ሌላ ነገር ቢሆንስ?»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ዓይኑ ከደከመ እጁ ይናገራል። መስመሩን እይና ንገሪኝ።»

መስመሩ እንከን የለውም፤ ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር ድረስ አንዴም ሳይነቀነቅ የሄደ። ቀለሙን ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ለማየት አልሞከርኩም። ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ አሥራ ስድስት የናሙና ጥርሶች አሉኝ፤ ከታካሚው ጥርስ ጎን አስጠግቼ የትኛው እንደሚመስለው እለያለሁ። ይህ የሚሆነው በቀን ብርሃን፣ መስኮት ዳር ነው፤ የሚታየውም ለአምስት ሰኮንድ ብቻ። ከአምስት ሰኮንድ በኋላ ዓይን ይለምዳል፤ የለመደ ዓይን ደግሞ ይዋሻል። ስለዚህ ግራጫ ነገር አይቶ ዓይንን አሳርፎ እንደገና መመለስ ነው። «ክሬሙን ከናሙና ጋር አስተያይተኸዋል?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ናሙና ለተማሪ ነው። ሠላሳ ዓመት የቀባሁትን ክሬም ዛሬ ከቀለም ቅራፊ ልማር? እዚህ ነው ያለው» አለና በቡሩሹ ጭራ ግንባሩን ነካ። ከዚያ ቡሩሹን በጨርቅ እየጠረገ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «አጎትሽ ስሜን ጽፎት እንደሆነ እይልኝ፤ ዘንድሮ እጽፈዋለሁ ብሎኛል» አለኝ።

ያኔውኑ ልነግረው ይገባ ነበር። ብነግረው እናቴን ጠርቶ ይጠይቃታል፤ እናቴ ድካም ነው ትለዋለች፤ እሱም እሷን ያምናል። ይህንን ምክንያት ለራሴ ሰጠሁት፤ ጥሩ ምክንያት ይመስላል። እውነቱ ግን አጎቴ ውጭ የመኪናውን ጥሩምባ ሲነፋ ካርቶኑን ታቅፌ ወጣሁ፣ አለቀ። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ።

መንገድ ላይ አጎቴ አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ሥራዬን አስረዳኝ። «ብዙ አያለፋሽም። ዝርዝሩን ሌሎቹ ሁለቱ ይቆጥሩታል። አንቺ ቀለሙን አየት አድርገሽ ትፈርሚያለሽ። ባለፈው ዓመት ዳኞቹ ስለ ቀለም ምን ያውቃሉ የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር፤ አሁን ባለሙያ አመጣሁላቸው፣ አፋቸውን ይይዛሉ።» «የአባዬን ስም ጽፈኸዋል፣ ጋሼ?» አልኩት። «ካርዱ ታትሞ አልቆ ነበር እኮ! ለሚቀጥለው ዓመት። ደግሞ አባትሽ ስም ምን ያደርግለታል? ሥራውን ነው የሚወድ ሰው።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ አድናቆት ነበረ። ሰውን የሚዘርፉት ሲያደንቁት ነው።

አዳራሹ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሠላሳ ያህል ወንዶች፣ ሁሉም ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ አጉሊ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በጠረጴዛዎቹ መካከል ጎንበስ ቀና ይላሉ። ከመካከላቸው በሦስተኛ ማዕረግ ቆሞ የተጓዘ አንድም ያለ አይመስለኝም፤ የሦስተኛ ማዕረጉ ወንበር ስንት እንጨት እንደነበረው ግን ሁሉም ያውቃል። ሁለት ሽማግሌዎች የመጸዳጃ ቤቱ መስኮት መስታወት ነጭ ነበር ወይስ ጭጋጋማ በሚል ተጣልተው አንዱ ማረጋጊያ ውሃ አስመጥቷል። ሚስቶቻቸው የት እንዳሉ አላውቅም፤ የትም ይሁኑ፣ ከዚህ ይሻላል።

ከእኔ ጋር የሚዳኙት ሁለት ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነው፤ «ፊሽካ» ይሉታል፣ ሲናገር በጥርሱ መካከል ስለሚያፏጭ። ጥርሱን ያየሁት ወዲያው ነው፤ ከላይ አራቱ ሰው ሠራሽ ናቸው፣ ቀለማቸውም የሌላ ሰው ነው። ሁለተኛው መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ነው፤ ሁሉን ነገር በካሊፐር ይለካል። ቅጹ ለቀለም አርባ፣ ለዝርዝር አርባ፣ ለጽሑፍ ሃያ ነጥብ ይላል። ከግርጌው «ሠሪው ለዳኞች ጥያቄ በቦታው መልስ ይሰጣል» የሚል አንቀጽ አለ። ፊሽካ የጣሪያ መተንፈሻዎችን በጥርስ መጎርጎሪያ እየነካ ይቆጥራል፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ መወጣጫ ይለካል። የአንድ የታክስ ሠራተኛ ፉርጎ አራት ደረጃ ሊኖረው ሲገባ ሦስት ብቻ ስለነበረው አምስት ነጥብ ቀነሱበት፤ ሰውዬው ልጁ ፈተና የወደቀች ያህል ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። የሌላውን ደግሞ የበሩ እጀታ በግራ ነው አሉት። «በቀኝ የሚከፈት ነበረ!» «መቼ?» «ከጥገናው በፊት!» «የትኛው ጥገና?» እንዲህ እያሉ ግማሽ ሰዓት ሄደ። እኔ ቀለም እያየሁ ቁጥር ጻፍኩ። ዝም ያለች ሴት ስትሆኚ ብልህ ነሽ ብለው ያምናሉ፤ ያም ጥቅም አለው።

የአጎቴ ጠረጴዛ የመጨረሻው ነበር፤ በትልቁ መስኮት ሥር። ሰባተኛውን ብቻ ሳይሆን ሰባቱንም አምጥቶ በሐዲድ ላይ ቀጣጥሎ አቁሟቸዋል፣ ለግርማ። ፉርጎዎቹን ከዚያ በፊት አይቻቸዋለሁ፤ አንዳንዱን በአባቴ ጨለማ ክፍል፣ ሌላውን በአጎቴ ቢጫ አምፖል ሥር። በቀን ብርሃን ተሰልፈው አይቻቸው አላውቅም። ባለ መድኃኒት ቤቱ ምንም ሳይለካ ለቀለሙም ሠላሳ ዘጠኝ ጻፈ። ፊሽካ ሠላሳ ስምንት ጻፈና ሊቀመንበሩን ቀና ብሎ አይቶ ፈገግ አለ። እኔ አምስት ሰኮንድ አየሁ። ከዚያ ግራጫውን የሲሚንቶ ምሰሶ አየሁ። ከዚያ እንደገና።

የመጀመሪያው ፉርጎ ክሬም ሞቅ ያለ ነው፣ የእንቁላል አስኳል ጠብ ያለበት ወተት። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ላይ አንድ ነገር ይጀምራል። አምስተኛው ገርጣ ይላል። ስድስተኛው ወደ ነጭ ይሄዳል። ሰባተኛው ቀዝቃዛ ነው፤ ሰማያዊ ጠብ ያለበት፣ እንደ ርካሽ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ፊሽካ ከኪሱ ፖስታ አውጥቶ የጥፍር ያህል የቀለም ቅራፊ ሰጠኝ፤ ከእውነተኛው ፉርጎ፣ ከቁጥር ሰሌዳው ሥር የተነቀለ ነው። ከመጀመሪያው ፉርጎ ጎን ሳስጠጋው ጠፋብኝ። ከሰባተኛው ጎን ሳስጠጋው እንደ እድፍ ታየ። ያን ጊዜ አንሶላው ትዝ አለኝ፣ ነገሩም ገባኝ። አባቴ በሞራው ውስጥ ሁሉን ነገር ቢጫ አድርጎ ያያል። የቀላቀለው ክሬም ግንባሩ ውስጥ ካለው ክሬም ይልቅ ቢጫ መስሎ ስለሚታየው ነጭና ሰማያዊ ይጨምርበታል፤ ልክ መሰለኝ እስኪል። ናሙና ቢያስጠጋ ኖሮ ያውቀው ነበር። ያ ሁሉ ሰው አጉሊ መነጽር ይዞ ከብቦት የቆመው የባቡር ሞዴል አልነበረም። የአባቴ ዓይን ነው፣ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየጠፋ ሲሄድ። አዳራሹ ውስጥ ግን መወጣጫ ነበር የሚቆጠረው።

«ሠሪውን መጠየቅ እፈልጋለሁ» አልኩ።

አጎቴ ደረቱን ነፍቶ ቀረበ። «ጠይቂ ልጄ! ዝምድና እንዳትፈሪ» አለና ለሰዎቹ ጠቀሳቸው። ሳቁ።

«ክሬሙን በምን ቀላቀልከው?»

«በምን ልቀላቅለው፣ በቲነር ነዋ።»

«ቲነር ቀለም አይደለም፣ ጋሼ። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቡናማ... ስንት ስንት?»

«እሱ እንግዲህ... የእጅ ልምድ ነው። አንድ ጠብታ እዚህ፣ አንድ ጠብታ እዚያ።»

«እሺ። ሰባተኛው ለምንድን ነው ከመጀመሪያው የቀዘቀዘው?»

ያን ጊዜ ሁሉም ጎንበስ አሉ። ካየሁላቸው በኋላ ሁሉም አዩት፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ «እኔም እኮ የሆነ ነገር ከብዶኝ ነበር» እያለ ሠላሳ ዘጠኙን ሰርዞ ሃያ ሁለት ጻፈ። አጎቴ ቅራፊውን ተቀብሎ ከሰባተኛው ጋር አስተያየ፤ ጆሮው ቀላ። ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ የሚሰምጥ ሰው ሌላውን ረግጦ እንደሚወጣ ሁሉ፣ «ታዲያ እኔ ነኝ እንዴ የቀባሁት? አባቷ ነው! አባቷ ነው የሚቀባው፣ እኔ ምን አደርጋለሁ?» አለ።

ፊሽካ መነጽሩን አውልቆ፣ «የትኞቹን ነው የሚቀባው?» አለ። «ሰባቱንም» አልኩ እኔ። ከሰዎቹ አንዱ «ዋንጫዎቹስ?» ብሎ ጀመረና ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገው ዋጠው። ሊቀመንበር ሊቀመንበር ነው፤ ለመጪው ዓመትም የአዳራሹን ወለል በነፃ ሊያነጥፍላቸው ቃል ገብቷል። ፊሽካ ግን ሕግ የሚወድ ሰው ነው። የአባቴን ስም ከእኔ ጠይቆ፣ «ሠሪ» ከሚለው ፊት የአጎቴን ስም በአንድ መስመር ሰርዞ በትልልቅ ፊደል ጻፈው። ስድስት ፉርጎ ሲመሰገን ያልተነሣ ስም አንድ ፉርጎ ሲወቀስ ተጻፈ። እኔ ከአርባ አሥራ ዘጠኝ ሰጥቼ ፈረምኩ። አጎቴ ደረጃው ላይ ደረሰብኝና የመጀመሪያውንና ሰባተኛውን ፉርጎ በካርቶኑ አስታቀፈኝ። «አዋረድሽኝ። ይሁን። ለማንኛውም ውሰጂለትና እስከ ረቡዕ ያስተካክልልኝ» አለ። ለእናቴ «እንዳትነግሪው» ያለው ትዝ አላለውም። ወይም ትዝ ብሎት ይሆናል። ፊሽካ ቅራፊውን ከነፖስታው አውሶኛል።

ስደርስ አባቴ እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር። ምንም ሳልል ሁለቱን ፉርጎዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ጎንበስ ብሎ አያቸው፣ ራሱን ነቀነቀ። «የመጀመሪያው ቫርኒሹ አርጅቷል፣ ቢጫ ሆኗል። እሱን መልሼ መቀባት ይኖርብኛል። ክሬም ማለት ይሄ ነው» አለና ጣቱን ሰባተኛው ላይ አሳረፈ። ቅራፊውን መዳፉ ላይ አደረግሁለት። ገለበጠው፤ ጀርባውን በጥፍሩ ፋቀው፤ የፀረ ዝገቱን ቀይ፣ በላዩ ያለውን ግራጫ በጣቱ ጫፍ አረጋገጠ። የራሱን እጅ የሚያውቅ ሰው ነው።

«ከየት ተነቀለ?»

«ከቁጥር ሰሌዳው ሥር።»

«ፀሐይ አላገኘውማ።»

«አላገኘውም።»

ቅራፊውን የመጀመሪያው ፉርጎ ላይ አሳረፈው። ከዚያ ሰባተኛው ላይ። ከዚያ እንደገና የመጀመሪያው ላይ። ፊቱን ላለማየት ገመዱ ላይ ያለውን አንሶላ አየሁ።

«ስሜስ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ተጽፏል። ጋሼ ራሱ ነው የተናገረው፣ በሰው ሁሉ ፊት።»

«መቼ? ስህተቱ ሲገኝ?»

«አዎ።»

ከአፍንጫው ሳቅ መሰል አየር አወጣ። «ሌባ እንኳ የሰረቀው ሲበላሽ ለባለቤቱ ይመልሳል። ቀለሙን ስንት ሰጡት?»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት። አሥራ ዘጠኝ፣ ከአርባ።»

«አሥራ ዘጠኙ ለምኑ ነው?»

«ለመስመሩ።»

«መስመር ሌላ፣ ቀለም ሌላ!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ ቡሩሾቹ ዘለሉ። «አባቴ ነው ብለሽ ነው አይደል? እኔ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ የቀባ ሰው ቢገጥመኝ ዜሮ ሰጥቼ ፉርጎውን አስፍቄው ነበር። ከእነዚያ ከሚያጨበጭቡት በምን ተሻልሽ?»

እናቴ ድምፅ ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ እርጥብ ሳይሆን። አባቴ ወደ እሷ አልዞረም። ሰባተኛውን ፉርጎ አንሥቶ መስኮቱ ዳር ወስዶ፣ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ አርቆ፣ እንደገና አስጠግቶ አየው።

«ሐኪሙ ምን ነበረ ያለው?» አላት።

እናቴ እኔን አየች።

«እሷን ተያት። ወንድምሽንም ተይው። ሐኪሙ ያለውን፣ እንዳለው ንገሪኝ።»

እናቴ የምትቀመጥበት አጣች፤ በዚያ ክፍል ተቀምጣ አታውቅም። የቀለም ቆርቆሮ ስባ ቁጭ አለችና፣ «በስድስተኛው ፉርጎ ጊዜ ነው» ብላ ጀመረች።